ኢታብስ፣ ሲቪል ስሪዲ፣ ፒችትሪ… ያለ ዊንዶውስ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምሠራው የሕንፃ ዲዛይን ቢሮ ውስጥ ነው። ኮምፒውተር መነካካት ስለምወድ "እስቲ እሱን ጠይቁት" የምባለው ሰው እኔ ሆኜ ቀርቻለሁ። ድሮ የሚመጣልኝ ቫይረስ የበላው ፍላሽ ነበር። አሁን ማክቡክ ነው። አጎት ከሜሪላንድ ልኮለት፣ ወይ እህት ከዱባይ ስትመጣ ይዛለት፣ ልጁ ደስ ብሎት ይከፍተዋል። በማግስቱ ኢታብስ (የሕንፃ ጥንካሬ የምናሰላበት ሶፍትዌር) ሊጭን ሲሞክር ነው ጉዱ የሚገባው። ሊኑክስ የሚጠቀሙ ጥቂት ልጆችም አሉ። እነሱ ቢያንስ አውቀው ነው የገቡበት።

ብዙ ጊዜ የምጠየቀውን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ማክቡክ ተልኮልኛል። ኢታብስ ይጫንበታል?

በቀጥታ አይጫንም። ኢታብስና እንደሱ የስትራክቸር ስሌት የሚሠሩት ሳፕ2000 እና ሴፍ የተሠሩት ለዊንዶውስ ብቻ ነው። ሬቪት (ለሕንፃ ሞዴል)፣ ሲቪል ስሪዲ (ለመንገድ ዲዛይን)፣ ሶሊድወርክስ (ለማሽን ዲዛይን) እና አርክጂአይኤስ ፕሮም (ለካርታ) እንደዚያው። የመጫኛ ፋይሉን ሃምሳ ጊዜ ብትነኩት ማክ አያውቀውም።

መውጫ ግን አለ። ዊንዶውስን ጎን ለጎን መጫን ይቻላል። ማክ ወይም ሊኑክስ ውስጥ ዊንዶውስን እንደ አንድ ፕሮግራም መክፈት ይቻላል። ዋይን በሚባል አስተርጓሚ ማስኬድም አለ። ወይም ሌላ ቦታ የተቀመጠ የዊንዶውስ ኮምፒውተርን በኔትወርክ መጠቀም። የትኛው እንደሚያዋጣችሁ የሚወስነው ማሽኑ ውስጥ ያለው ፕሮሰሰርና የሶፍትዌሩ ላይሰንስ ነው። ሰው የሚጠይቀኝ ስለ መጀመሪያው ነው። የሚያስለቅሰው ግን ሁለተኛው ነው።

ፕሮሰሰሩ ምን አገባው?

ከላይ በግራ በኩል ያለችውን የአፕል ምልክት ተጭናችሁ ስለ ማሽኑ የሚናገረውን የመጀመሪያውን መስመር ክፈቱ። ኢንቴል ካለ ዕድለኛ ናችሁ። አፕል በ2006 ቡት ካምፕ የሚባል መሣሪያ አውጥቶ ነበር። በእሱ ዊንዶውስን ጎን ለጎን ትጭናላችሁ፤ ማሽኑ ሲነሳ አንዱን መርጣችሁ ትገባላችሁ። በዊንዶውስ ከተነሳ በቃ ተራ የዊንዶውስ ላፕቶፕ ነው። ኢታብስም ማክ ላይ መሆኑን አያውቅም። አንድ ቅር የሚያሰኝ ነገር አለ፦ ቡት ካምፕ በይፋ የሚደግፈው እስከ ዊንዶውስ 10 ነው፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል።

ኤም1፣ ኤም2 እያለ የሚቀጥለው ከሆነ ታሪኩ ሌላ ነው። አፕል በኖቬምበር 2020 የራሱን ቺፕ የያዙ ማኮች ሲያወጣ ቡት ካምፕ እነሱ ላይ ቀረ። የነዚህ ቺፖች ቋንቋ አርም ይባላል። ኢታብስና መሰሎቹ የተጻፉት ለኢንቴልና ለኤኤምዲ ነው። ስለዚህ የሚጫነው ዊንዶውስ ራሱ ለአርም የተዘጋጀው ዊንዶውስ 11 ይሆናል። ማይክሮሶፍት በፌብሩዋሪ 2023 ይህ ዊንዶውስ ፓራለልስ በሚባለው ፕሮግራም ውስጥ እንዲሠራ ፈቅዷል። የኢንቴል ፕሮግራም ሲመጣበት እየተረጎመ ያስኬደዋል። በ2024ቱ ትልቅ አፕዴት የመጣው ተርጓሚ ፕሪዝም ይባላል፤ ከቀድሞው ይፈጥናል።

ይህ ተርጓሚ ፕሮግራሙን እንጂ ድራይቨርን፣ ማለትም ዊንዶውስን ከዕቃው ጋር የሚያነጋግረውን ትንሽ ሶፍትዌር፣ አይነካም። ድራይቨሩ ለአርም ተብሎ ካልተጻፈ አይሠራም፣ አለቀ። ከባድ ስሌትም እየተተረጎመ ስለሚሄድ ይንቀራፈፋል። ጂ+2 ቪላ ላይ ላይታወቃችሁ ይችላል። ጂ+20 ላይ ዳይናሚክ ትንተና ስታዙት ግን አቦል ላይ የጀመራችሁት ስሌት በረካ ላይ ሊያደርሳችሁ ይችላል።

አውቶካድ ማክ ላይ አለ አይደል?

አለ። በ2010 ወደ ማክ ተመልሷል፤ ከ2024ቱ እትም ጀምሮ ደግሞ ለኤም ቺፖች በቀጥታ የተጻፈ ነው። የሥዕል ፋይሉም ያው ነው። ፕላን ለመሳልና ለማረም ይበቃል። ቢሮው በቪቢኤ ወይም በዶትኔት (የማይክሮሶፍት የፕሮግራም መጻፊያዎች ናቸው) ያሠራቸው ትናንሽ መሣሪያዎች ግን ማክ ላይ አይሄዱም። መንገድ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ አውቶካድ መኖሩ አያጽናናችሁም፤ ሲቪል ስሪዲ የለም።

ዋይን ነፃ ከሆነ ለምን ሁሉም ሰው አይጠቀምበትም?

ዋይን የዊንዶውስ ፕሮግራም የሚጠይቀውን ነገር ሰምቶ ለሊኑክስ ወይም ለማክ በሚገባው መንገድ የሚናገር አስተርጓሚ ነው። ዊንዶውስ የሚባል ነገር አይጫንም፤ የዊንዶውስ ላይሰንስም አያስፈልግም። ሥራው የተጀመረው በ1993 ነው። 1.0 የተባለው እትም የወጣው በ2008። 15 ዓመት! ሥራው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ከዚህ ገምቱ።

አስተርጓሚ የሚያውቀውን ያህል ነው የሚተረጉመው። ትንሽና ቆየት ያለ ፕሮግራም፣ ለምሳሌ አንድ ሰው የምሰሶ ወይም የመሠረት ስሌት እንዲሠራለት የጻፈው፣ ብዙ ጊዜ ጥሩ ይሄዳል። ትልልቆቹ ላይ ነው የሚያንገዳግደው። ብዙዎቹ ዶትኔት ላይ የተደገፉ ናቸው። ከጀርባ ሳይታይ የሚሠራ የላይሰንስ አገልግሎት አላቸው። አንዳንዶቹ ድራይቨር ይፈልጋሉ። አንዱ ጋ ሲደርስ ቀጥ ይላል። አንዳንዴ ደግሞ የከፋ ነገር ያደርጋል፦ ይከፈታል፣ ይሠራል፣ ግን አንድ መስኮት ባዶ ሆኖ ይመጣል።

"ጌሙ ሊኑክስ ላይ ፏ ብሎ ይሄድ የለ እንዴ?" የሚሉኝ አሉ። ልክ ናቸው። ከ2018 ጀምሮ ቫልቭ የሚባለው የጌም ድርጅት ከዋይን ተነስቶ ፕሮቶን የሚባለውን አወጣ፤ በደንብም ይሠራበታል። ለኢታብስ እንደዚያ የደከመለት የለም።

የዋይን ድረ ገጽ ላይ ሰዎች ፕሮግራሞችን ሞክረው ደረጃ የሚሰጡበት ዝርዝር አለ። ከላይ ፕላቲነም ነው፣ ከታች ደግሞ በቁሙ "ቆሻሻ" የሚባል ደረጃ አለ። ከመልፋታችሁ በፊት እዚያ እዩ። ከሞከራችሁም ለእያንዳንዱ ሶፍትዌር የራሱን የዋይን ፎልደር ስጡት። አንዱን ለማስተካከል የነካካችሁት ሌላውን እንዳያበላሽ።

የራሴን ልንገራችሁ፦ ሰው የሚኖርበትን ሕንፃ ስሌት በዋይን አልሠራም። ሰሪው ድርጅት "በዚህ መንገድ ሞክሬዋለሁ" ብሎ ያላረጋገጠውን ውጤት ፈርሜ ለማስረከብ እጄ አይታዘዝልኝም።

ቨርቹዋል ማሽን የቱ ይሻላል?

ቨርቹዋል ማሽን ማለት ኮምፒውተራችሁ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር መፍጠር ነው። መስኮት ትከፍታላችሁ፣ መስኮቱ ውስጥ ሙሉ ዊንዶውስ አለ።

ማክ ላይ ፓራለልስ ቀላሉ ነው፤ ይከፈልበታል። ቪኤምዌር ፊውዥን ከኖቬምበር 2024 ጀምሮ ለንግድ ሥራም ጭምር ነፃ ሆኗል። ገንዘብ ማውጣት ካልፈለጋችሁ ከሱ ጀምሩ። ዩቲኤም ነፃ ነው፤ ለስሪዲ ግን አይመከርም። ሊኑክስ ላይ ኬቪኤም ከሥርዓቱ ጋር አብሮ አለ፣ ፈጣንም ነው። ቪኤምዌር ወርክስቴሽንም እንደ ፊውዥን ነፃ ነው። ቨርቹዋልቦክስን ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ ሞዴል ማሽከርከር ስትጀምሩ ግን ግራፊክሱ ያበሳጫችኋል።

የኢንቴል ወይም የኤኤምዲ ማሽን ላይ ሁሉም ነገር እንደ ኤሊ ከሄደ፣ መጀመሪያ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከዊንዶውስ በፊት የሚገባበት ማስተካከያ) ውስጥ ገብታችሁ የቨርቹዋላይዜሽን ምርጫው መብራቱን እዩ። ተዘግቶ የሚመጣ ላፕቶፕ ብዙ ነው።

ራም ላይ አትሳሳቱ። ለውስጠኛው ዊንዶውስ የሰጣችሁት ራም እሱ በተከፈተ ቁጥር ከውጭኛው ይቀነሳል። 16 ጊጋ ካላችሁ 8ቱን ለሱ ሰጥታችሁ ሁለቱም ይተነፍሳሉ። 8 ጊጋ ብቻ ያለው ማክ ላይ ግን አትሞክሩት። የኤም ማኮች ራም ከቺፑ ጋር የተያያዘ ስለሆነ በኋላ "እጨምርበታለሁ" የሚባል ነገርም የለም።

አሁን ብዙ ሰው የሚጎዳበት ነገር። ፓራለልስም ሆነ ቪኤምዌር የማካችሁን ፎልደር ዊንዶውሱ ውስጥ እንዲታይ ያደርግላችኋል። ደስ ይላል። ሰው ሞዴሉን ማኩ ዴስክቶፕ ላይ እንዳለ በኢታብስ ይከፍተዋል። ኢታብስ ትንተና ሲሠራ ግን ከሞዴሉ ጎን ብዙ ፋይል እየጻፈና እያነበበ ነው። ያ ሁሉ በጋራ ፎልደሩ በኩል ሲመላለስ ይንቀራፈፋል፤ መሀል ላይ ቢቋረጥም ለሞዴሉ ጥሩ አይደለም። ሞዴሉን ውስጠኛው ዊንዶውስ ሲ ድራይቭ ላይ ገልብጡት፣ እዚያ ሥሩ፣ ስትጨርሱ ወደ ማክ መልሱት። ደግሞ ኢታብስ ሞዴሉን ስታስቀምጡ ከኢዲቢው (ከዋናው የሞዴል ፋይል) ጎን ስሟ በዶላር ምልክት የሚጀምር ቅጥያ ያላት የጽሑፍ ፋይል ያስቀምጣል። አትሰርዟት። ኢዲቢው አልከፈት ካለ ሞዴሉን ከሷ መልሳችሁ ማስገባት ትችላላችሁ።

አንድ የምወደው ነገርም አለ። ስናፕሾት። ሶፍትዌር ከማዘመናችሁ በፊት የማሽኑን ሁኔታ ታስቀምጣላችሁ። አፕዴቱ ካበላሸ በአንድ ጠቅታ ወደ ትናንት። ተራ ኮምፒውተር ላይ ይህ ቢኖር ስንት ቅዳሜዬ ይተርፍ ነበር።

ላይሰንስ ገዝተናል። እዚያ ላይ ይሠራል?

እዚህ ጋ ቀስ በሉ።

አንዳንዱ ላይሰንስ ዩኤስቢ ላይ ያለ ቁልፍ ነው፤ ዶንግል የምንለው። ዶንግሉ ብዙውን ጊዜ ድራይቨር ይፈልጋል። ስለዚህ ዋይን ላይ ተስፋ አታድርጉ። ኢንቴል ማሽን ላይ ባለ ቨርቹዋል ማሽን ግን ዶንግሉን ወደ ውስጥ ማስተላለፍ ይቻላል። ኤም ማክ ላይ ከሆነ መጀመሪያ የዶንግሉ ሰሪ ለአርም ዊንዶውስ ድራይቨር ማውጣቱን አጣሩ።

ሌላው ላይሰንስ ከማሽኑ ጋር የሚታሰር ነው። የኔትወርክ ካርዱን ቁጥር፣ የዲስኩን መለያ ያነባል። ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ እነዚህ ቁጥሮች ሁሉ የተፈጠሩ ናቸው፤ ሊቀየሩም ይችላሉ። አንድ ጊዜ ዓርብ ማታ የባልደረባዬን ቨርቹዋል ማሽን ከአሮጌው ላፕቶፕ ወደ አዲሱ ገለበጥኩለት። ማሽኑን ስከፍተው ፕሮግራሙ "ገልብጣችሁታል ወይስ አዛውራችሁታል?" ብሎ ጠየቀኝ። እኔም እውነተኛ ሰው ነኝና "ገልብጠነዋል" አልኩ። አዲስ የኔትወርክ ቁጥር ተሰጠው፣ ላይሰንሱ ሞተ። ሻጩ እስከ ሰኞ ስልክ አላነሳም። ማስረከቢያው ሰኞ ጠዋት ነበር። ትክክለኛው መልስ "አዛውረነዋል" ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ማሽን ከማንቀሳቀሴ በፊት ላይሰንሱን ከሶፍትዌሩ ውስጥ እመልሳለሁ፣ ከዚያ ነው የማንቀሳቅሰው።

ሦስተኛው ከአንድ ሰርቨር በኔትወርክ የሚታደል ነው። ቢሮው አቅም ካለው ለማክና ለሊኑክስ ተጠቃሚ የሚመቸው ይሄ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ለሻጩ አንድ ኢሜይል ጻፉ፦ "ቨርቹዋል ማሽን ላይ እንድንጠቀም ውሉ ይፈቅዳል?" መልሱን አስቀምጡት። በቃል የተባለ ነገር በኋላ አይገኝም።

የምጠቀመው ክራክ ነው። ማክ ላይ እንዴት ላድርገው?

በዚህ አልረዳችሁም። ሥነ ምግባሩን ለጊዜው እንተወው። ክራኩ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ አንቲቫይረሱን እንድትዘጉለትና ሙሉ ሥልጣን እንድትሰጡት ነው። ማን እንደጻፈው ለማታውቁት ፋይል! "ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ስለሆነ አይወጣም" ይሉኛል። ያችን የጋራ ፎልደር አስታውሱ፤ ፋይሎቻችሁን የሚቆልፍ ቫይረስም በሷ በኩል ይወጣል። ተማሪ ከሆናችሁ ኦቶዴስክ በየዓመቱ የሚታደስ ነፃ የትምህርት ፈቃድ ይሰጣል። ከዚያ ጀምሩ።

ቢሮ ያለውን ኮምፒውተር ከቤት ሆኜ በማክ ብጠቀምስ?

ለብዙ ሰው ከሁሉም የሚሻለው ይሄ ነው ባይ ነኝ። ስሌቱን የሚሠራው የቢሮው ማሽን ነው። ወደ እናንተ የሚመጣው ምስሉ ብቻ ነው። ስለዚህ ማክ ይሁን ሊኑክስ፣ አሮጌ ይሁን አዲስ፣ ለውጥ የለውም።

የቢሮው ማሽን ዊንዶውስ ፕሮ መሆን አለበት፤ ሆም የሚባለው በሪሞት ዴስክቶፕ ሰው አያስገባም። ማክ ላይ የማይክሮሶፍትን "ዊንዶውስ አፕ" ጫኑ፤ እስከ ሴፕቴምበር 2024 ድረስ ሪሞት ዴስክቶፕ ይባል የነበረው ነው። ሊኑክስ ላይ ሬሚና ይበቃል።

አንድ ነገር አደራ። ራውተሩ ላይ 3389 የምትባለዋን ፖርት ለኢንተርኔት ክፍት አታድርጉ። ቀን ከሌት እሷን የሚያንኳኩ ሞልተዋል። በቪፒኤን፣ ማለትም በኢንተርኔት ላይ በተቆለፈ የግል መስመር፣ ግቡ።

ከዚያ መብራት አለ። ቤት ሆናችሁ እየሠራችሁ ቢሮ መብራት ሄደ እንበል። ቢመለስም ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ይቀራል፣ የሚያበራው ሰው ደግሞ የለም። ዘበኛውን ደውላችሁ "ጋሼ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ በመስኮቱ በኩል ያለችውን ቁልፍ ይጫኑልኝ" ከማለት ባዮስ ውስጥ ግቡ። መብራት ሲመለስ ማሽኑ ራሱ እንዲነሳ የሚያደርግ ምርጫ ብዙ ዴስክቶፕ ላይ አለ። ዩፒኤስ ጨምሩበት፤ ራውተሩንም እዚያው ላይ ሰኩት። ኮምፒውተሩ በርቶ ራውተሩ ጠፍቶ ምን ዋጋ አለው?

አንዳንድ ለአንድ ማሽን ብቻ የተሸጡ ላይሰንሶች በሪሞት ዴስክቶፕ መግባታችሁን አውቀው "አልከፈትም" ይላሉ። መጀመሪያ ይህን ሞክሩ፤ ዩፒኤሱን በኋላ ግዙ።

ፒችትሪስ?

የሒሳብ መዝገብ ሶፍትዌሩ ነው። አሁን ስሙ ሴጅ 50 ነው፣ እዚህ ግን ሁላችንም ፒችትሪ እንላለን። የዊንዶውስ ብቻ ነው፤ ከጀርባው የሚሠራ የዳታቤዝ አገልግሎት አለው። ዋይን ላይ ጊዜ አታባክኑ። ቨርቹዋል ማሽን ወይም ሪሞት።

ሥዕሉን ስከፍት አማርኛው ሁሉ ሳጥን ሆነ። ሶፍትዌሩ ተበላሸ?

አልተበላሸም፤ ፎንት ነው። የሥዕሉ ርዕስ ሠንጠረዥ ላይ "የመሠረት ፕላን" የሚለው በኒያላ ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ኒያላ አብሮ አይጫንም። አዲስ ዊንዶውስ ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ጭናችሁ ኒያላን ካጣችሁት ምክንያቱ ይሄ ነው። ሴቲንግ ውስጥ ከአማራጭ ነገሮች ዝርዝር የኢትዮጵያ ፊደል ተጨማሪ ፎንቶችን ፈልጋችሁ ጫኑ። ማክና ዋይን ላይ ደግሞ ኒያላ የለም። ለቢሮው ሁሉ አቢሲኒካ ኤስአይኤልን ወይም ኖቶን ብትመርጡ ነፃ ናቸው፣ ሦስቱም ላይ ይጫናሉ።

ሳጥን ሳይሆን ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደል ከመጣ፣ ሥዕሉ የተጻፈው እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባለ ከዩኒኮድ በፊት በነበረ ፎንት ነው። ያንኑ ፎንት መጫን ወይም ጽሑፉን እንደገና መጻፍ ነው። የጥያቄ ምልክት ብቻ ከሆነ ደግሞ የጽሑፉን ስታይል እዩ፤ የአውቶካድ የራሱ የሆኑት ኤስኤችኤክስ ፎንቶች አብዛኛዎቹ ግዕዝ አያውቁም።

ኪቦርዱ አስቸገረኝ።

ማክ ላይ ኤፍ8 ስትጫኑ ሙዚቃ ይጀምራል እንጂ ኦርቶ (አውቶካድ ላይ መስመሩን ቀጥ አድርጎ የሚያስለው) አይበራም። ኤፍኤን አብራችሁ ያዙ፣ ወይ ከሴቲንግ ቀይሩት። የማክ ዲሊት ወደኋላ የሚያጠፋው ነው፤ የዊንዶውሱን ዲሊት ለማግኘት እዚያም ኤፍኤን። ጎማ ያለው ማውስ ደግሞ ግዙ። በትራክፓድ ሞዴል የሚያሽከረክር ሰው አይቼ እጁ አሳዝኖኛል።

ዊንዶውስ የማይፈልግ ምትክ የለም?

መጀመሪያ በእርግጥ ዊንዶውስ ብቻ መሆኑን አረጋግጡ። ማትላብና ስታታ (የሒሳብና የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሮቹ) ለማክም ለሊኑክስም አሉ፤ ይህን ሳያውቁ ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ የጫኑ አጋጥመውኛል። ለካርታ ሥራ ኪውጂአይኤስ ነፃ ነው፣ ሦስቱም ላይ ይሄዳል፣ ብዙ ሰው አርክጂአይኤስ የሚከፍትበትን ሥራ ይሠራል። ለሰርኪት ኪካድ አለ። ለስሪዲ ሞዴል ነፃው ፍሪካድ አለ፤ በኖቬምበር 2024 እትም 1.0 ደርሷል። ለስትራክቸር ከበርክሌይ የወጣው ኦፕንሲስ አለ፤ ትእዛዝ እየጻፋችሁ ነው የምትሠሩት፣ ለምርምር ግሩም ነው። ገምጋሚው "የኢዲቢ ፋይሉን አምጡ" ሲል ግን አያድናችሁም።

ገና አልገዛሁም። ምን ይላክልኝ?

ሥራችሁ ኢታብስ፣ ሬቪት ወይም ሲቪል ስሪዲ ከሆነ ዊንዶውስ ላፕቶፕ ይላክ። ማክ ጥሩ ማሽን ነው፤ የኔ ባለቤት ያላት እሱ ነው፣ አትለቀውም። ለዚህ ሥራ ግን በስጦታ መልክ የመጣ የቤት ሥራ ነው።

ለአክስታችሁ መልእክት ስትልኩ ግን "ዊንዶውስ ላፕቶፕ" ብላችሁ አታቁሙ። ከ2024 ወዲህ ስናፕድራገን የሚባል ቺፕ የያዙ ቀጫጭን ዊንዶውስ ላፕቶፖች ሱቅ ሞልተዋል። ባትሪያቸው ብዙ ይቆያል፣ ሻጩም ያሞግሳቸዋል። ውስጣቸው ያለው አርም ነው፤ ዶንግሉም፣ ድራይቨሩም፣ ቀርፋፋው ስሌትም ተከትሏችሁ ይመጣል። እንዲህ ብላችሁ ጻፉላት፦ "እታባ፣ ኢንቴል ወይም ኤኤምዲ፣ ራሙ 16 ጊጋ፣ የራሱ ግራፊክስ ካርድ ያለው። ስናፕድራገን የሚል ካለበት ይቅርብኝ።"